መቶ ሰባ በመቶ አስር

አላመመኝም ነበር፤ ራሴም አልከበደኝ፣
የለገሃሩ የታክሲ ሰልፍ ነበር ያንገሸገሸኝ።
ጥግ ላይ አንድ ጎረምሳ፣ ሚዛኑ ከፊት ለፊቱ፣
«ክብደት አለ! ግፊት አለ!» አይደክምም አንደበቱ።
ምንተስኖት ነው ስሙ። ጊዜ እንድገድልበት፣
እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁለት።
ነፋው። ነፋው። ጨርቁ ክንዴን አንቆ ያዘ፣
ልጁ ቁጥሩን አየና ፊቱ ፈዘዘ።
«ጋሼ፣ በግራም ልየው» አለ። ደግሞ ለካ፤
መቶ ሰባ በመቶ አስር። ምንም ሳይሰማኝ፣ ለካ!

ሃያ ሁለት ዓመት ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ቤት ስቀመጥ፣
ባለጉዳይ ሲጮህ፣ ፋይል ሲጠፋ፣ አለቃ ሲገላምጥ፣
«ጨዋ ሰው» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤
ያልጮኽሁትን ሁሉ ደሜ ሲደምር፣ ሲደምር።

ጤና ጣቢያ፣ ሲስተር አልጋነሽ ሦስት ቀን አመላልሳ ለካችኝ፣
«አባትህ በምን ሞቱ?» ብላ ጠየቀችኝ።
«ድንገት ነው» አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች፣
«ድንገት የበሽታ ስም አይደለም» አለች።
«የእኔስ ንዴት ነው፣ ሲስተር» ብላት፣ «ንዴቱ ይቆየንና፣
ስለ ጨውህ አውራኝ» አለች፣ እንደ ንስሐ አባት ሆና።
«ይቺን ደግሞ በየጠዋቱ። ተሻለኝ ብለህ አትተዋት፣
ያሻለችህ እኮ እሷው ናት።»

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባል ነበር ድሮ፤
«ለእሱ ስትል ቅር» ትለዋለች ብዙነሽ ዘንድሮ።
የመጀመሪያው ሳምንት ሽሮው የራሰ ወረቀት ሆነብኝ፣
ከጎረቤት ሚጥሚጣ ስለምን ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ።
ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ሚጥሚጣውን መለስኩ።
በማግስቱ ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ፤
ያን ሁሉ ዓመት በታክሲ መስኮት ያለፍኩት ጥላ፣
ለካ ዛፍ ነበረው ከኋላ።

መዝገብ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ጌጤነህ
«ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን አቆመ።
አሁን ልንጠይቀው ስንሄድ በግማሽ ፊቱ ይስቃል።

እኔ ጠዋት ጠዋት፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ክኒኗን እውጣለሁ፤
አንዳንዴ እረሳለሁ። አንዳንዴ እሰለቻለሁ።
ቅዳሜ ምንተስኖት ጋ ስቆም፣ ጨርቁ አንቆ ለቀቀኝ፣
መቶ ሠላሳ አምስት በሰማንያ አምስት፤ ብሩን መለሰልኝ።
«አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቀ፤ «እኔማ ደህና ነኝ።»
በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠቀለልኩ።
እኔንም አላመመኝም ነበር፤ ራሴም አልከበደኝ።