ጣት ሲንተባተብ

ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ዶሴ ስቆጥር ዋልሁ፤
የዙልሚራን ዕድሜ በኪሎ መዘንሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አሥራ አራት ፕሮጀክት፣
የሰባት አገር ሰው የፈረመበት፣
ጀርባው በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ፣
ከውስጡ ግማሹ ሳይነበብ ያለፈ።
ነገ ጡረታዋ ነው። ቁልፉን አቀብላኝ
«የሚጣለውን ጣል፣ አታማክር» አለችኝ።

አባቷ ጨው አምራች፣ በአቬይሮ ሐይቅ ዳር
ባሕሩን ከፋፍሎ በጭቃ አጥር፣
እሱ ከብርሃን ጨው ሲለቅም ነበር፤
ልጁ ብርሃኑን ሰደደች በክር።
«ሥራሽ ምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቃት
«ማገናኘት» ብትል፣
«ደላላ ነኝ በይኛ!» ብሎ ሳቀባት።

ሐሰትም አይደለም፤ ግማሹ ማደላደል፣
ጀርመኑ በሠንጠረዥ፣ ግሪኩ በቃል፣
ፊንላንዳዊው ደግሞ በዝምታ ይሟገታል፤
ይህ ሳይበርድ ከብራስልስ ደብዳቤ ይመጣል፦
«በሦስተኛው ሩብ ዓመት አንድ የታክሲ ደረሰኝ ይጎድላል።»

ከአሥራ አራቱ ሦስቱ በጨቅላነት ሞቱ፤
የአንዱን ገመድ አይጥ በላው በየሌሊቱ፤
አንዱን ጊዜ ቀደመው፤
አንዱን የስብሰባው ገደለው ብዛቱ።
የልጇን ልደት በስልክ አከበረች፣
ሁለት ጊዜ። ሦስተኛውን ረሳች።
ይህ በየትኛውም ሪፖርት አልሰፈረም፤
ከወጪ ዝርዝር ውስጥ ዐምድ የለውም።

አንዱን ዶሴ ግን ከፍቼ መጣል አቃተኝ፤
የዚያ የካቲት ብርድ ተመልሶ መጣብኝ።

መስማት የተሳናቸው ሁለት እህትማማች፤
ኤርሜሊንዳ እዚሁ፣ ዓሣ ስታሽግ ያለች፣
ካሲልዳ ኦሉ፣ ለአናጢ የተዳረች።
በአሥራ ስምንት ዓመት ሦስቴ ተገናኝተው፤
ስልክ ለጆሮ ነው፣ የእነሱ ወግ በእጅ ነው።
ዙልሚራ አንዷን እዚህ ከካሜራ ፊት አስቀምጣ፣
መስመሩ ሲከፈት የሌላዋ ምስል ከግድግዳው ወጣ።
አጨበጨብን። ጠርሙስ ተከፈተ።
በቃለ ጉባኤው «ተሳካ» የሚል ቃል
በእኔው እጅ ተከተተ።

ኤርሜሊንዳ ግን ራሷን ነቀነቀች፤
በአስተርጓሚዋ በኩል እንዲህ አለች፦
«እህቴ ምን ሆነች? ጣቷ ይንተባተባል፤
የጀመረችው ወግ መሐል ላይ ይነጥባል።
ታማ ነው? ወይስ ደብቃኝ ታለቅሳለች?»

ዝም አልን። ጠርሙሱ አረፋውን ተፋ፤
ከሰባት አገር ምሁር መልስ ሰጪ ጠፋ።

በሰከንድ አሥር ምስል ይበቃል ብለን ነበር።
ለፊት ይበቃል፤ ለሚስቅ፣ ለሚናገር።
ለጣት ግን አይበቃም፤ ጣት ቋንቋ ሲሆን
ካንዱ ምስል ወዳንዱ ስንዘል ቃል ጣልን።

ዙልሚራ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው፤
«ተሳካ» ያልሁትን በእስኪርብቶ ሰረዘችው።
አምስት ወር አስጨመረች፤ ገንዘብ ለመነች፤
ከጀርመኑ ጋር በር ዘግታ ተጯጯኸች።

በሐምሌ ተመለስን። ጠርሙስ አልነበረም፣
ከብራስልስ ፎቶ ሊያነሣ የመጣም።
በሰከንድ ሃያ አምስት። ጣት እንደ ውሃ ፈሰሰ።
ካሲልዳ አንድ ነገር አለች፤
የኤርሜሊንዳ ፊት በሳቅ ፈረሰ።
አስተርጓሚዋን «ምን አሉ?» ብንላት፣
«ሐሜት ነው» አለችን፣ «ምን አገባችሁ እናንት?»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤
የዙልሚራ ድር ግን የታሰረ እጅ ይፈታል።

ዛሬ ልጅ በኪሱ ይዞት የሚዞረው
ያኔ ማቀዝቀዣ የሚያህል ሣጥን ነው፤
አራት ሰው ተሸክሞ ደረጃ ያወጣው።

ነገ ዳይሬክተሩ ንግግር ያደርጋል፤
አሥራ አራት ፕሮጀክት፣ ሰባት አገር፣ ይላል፤
የእጅ ሰዓት ይሸልማል።
እኔ የቀረውን ለመቁረጫው ሰጥቼ
አንዲቱን ገጽ ብቻ ከኪሴ ከትቼ
እሄዳለሁ። «ተሳካ» ላይ ያ ወፍራም ጭረት፣
ጠርዙ ላይ ደግሞ በእጇ የጻፈችበት፦
«ገና ነው። እሷን ጠይቋት።»