የወይዘሮ ጠጅቱ ሽሮ

ጊደሯን ሸጠቻት ሞጣ ገበያ ወጥታ፤
ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ሲመሽ ቤቴ መጥታ፣
የመቀነቷን ጫፍ ሦስት ቋጠሮ ፈትታ፣
ብሩን መደቡ ላይ ቆጥራ፣ ደግማ ቆጥራ፣ ትታ፣
"ልጄን ይመልሱልኝ" አለች፣ "መሪጌታ።

"አንማው ጠፋብኝ፤ ሞቶ አይደለም፣ ቆሞ፤
ከባሕር ዳር መጣ ሌላ መዝሙር ለቅሞ።
ማተቡን ፈታና፣ በወረቀት ጠቅልሎ
ከራስጌዬ አኖረው፣ 'አትዘኚ፣ እማ' ብሎ።
ቢሰድበኝ በቻልኩት፣ ቢገፋኝ በቻልኩት፤
ለኔ ነፍስ ነው እኮ የሚያለቅስ ሌሊት!
ስሙንም ያውቃሉ፣ ሥሩንም ያውቃሉ፣
ለከብት ሌባ እንኳ ደግመው ያስይዛሉ፤
ይጻፉልኝ፣ ልጠበው፣ በሽሮ ልሥራለት፤
ሳያውቅ ይጉረሰው፣ ሳያውቅ ይግባ ቤት።"

እውነቷን ነው፤ አውቃለሁ።
ዲማ ቅኔ ስቆጥር በጎን የለቀምኩት፣
የኔታ ሳያዩ በጨረቃ የቀዳሁት፣
አንድ ክንድ ብራና አለኝ፣ ከጣራ የሸጎጥኩት።
አንዴም ሠርቼበታለሁ።

ቢቸና ሳለሁ ነው። ዘይኑ፣ ያ ሸማኔ፣
ሰላቱን የማይስት፣ ጭምት፣ ያልሆነ እንደኔ፣
ልጅቱን ወደደ፤ ሃይማኖቱን ግን እምቢ አለ፤
አባቷ እኔ ዘንድ መጣ፤ ሙክት በግ ከፈለ።
በአርባኛው ቀን ተጠመቀ፤ መንደሩ እልል አለ።
ይሰግድ፣ ያስቀድስ ጀመር፤ እኔም ኮራሁ።
ግን የሸማው ጥለት ይጣመም ያዘ፣
ክሩም ከጣቱ ሥር ይበጠስ።
አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥተን፣ ክንዴን ጨብጦ፦
"ማርያምን እወዳታለሁ" አለኝ፣ "በጣም።
ግን የሚወዳት ማነው?"

እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ሥሩ ይሁን የመለሰው፣
ወይ ልጅቱን እንዳያጣ ልቡ ፈርቶ ያስጎነበሰው።
"ስብከትስ አይይዝም? የእናት እንባስ አይዝም?"
ይለኛል ውስጤ፣ መሟገት አይሰለቸውም።
ስብከት የሰለቸው ተነስቶ ይሄዳል፤
ከዋጡት ሽሮ ግን ወዴት ይኬዳል?
ጌታ ራሱ ደጅ ቆሞ፣ እስኪከፍቱለት ሲጠብቅ፣
እኔ ማነኝ፣ ጣራ ቀድጄ በሌሊት የምዘልቅ?

"ብርሽን ያዢው" አልኳት።
ባዶ ብራና ልስጣት አልኩ፣ ለጊዜው ትጽናና፤
ተውኩት፤ ውሸቱም ድግምት ነውና።
ብሯን ሰበሰበች፣ አንቱታዋንም አብራ፤
"ግንደ ወይን ሌላ አለ፣ ካንተ የረከሰ!"
ወጣች፤ እንባዋ ደፌን እያራሰ።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።
ዛሬ ልንገረው ብዬ ወረድኩ መናኸሪያ፤
አንማው ጎማ ይለጥፋል፣ ከባጃጆች ማቆሚያ።
"ከናትህ ቤት አትብላ" አፌ ላይ ደርሶ ቀረ።
"ድግምት ኃይል የለውም" ብሎ የሚኖረውን ሰው
ተጠንቀቅ ብዬ ባስፈራው፣ ያኔ ነው የምይዘው፤
ፍርሃቴ ራሱ ክታብ ነው፣ ካንገቱ የማስረው።

ዝም ብዬ ቆምኩ። ወንበር አቀረበልኝ።
እህቱ መጣች፣ ሳህኑ በፎጣ ታስሮ።
ፈታችው። ሽሮ።

"ይቀመጡ፣ መሪጌታ፤ የማ እጅ ነው" አለ።
ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ ለምግቡ፣ ለናቱ፣
ቀጥሎ ስሜን ጠራ፤
ግሪስ ያልለቀቀው እጁ ቆርሶ፣ ጠቅልሎ
ወደ አፌ ተዘረጋ።
ከጉርሻው ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ፤
አዝሙድ ይሁን፣ ቀለም ይሁን፣
እኔ፣ ቀለም በጥባጩ፣ መለየት አቃተኝ።

"አሜን" አልኩ፣ ለሱ ጸሎት፣
አፌንም ከፈትኩ።