ጠቀምኩት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሙኒር መቀስ ሳለ፣
«ጥቁር ሁሉ አንድ ነው ያለሽ ማነው?» አለ።
እውነቱን ነው፤ አንዱ ሰማያዊ አዝሏል፣
አንዱ እንደ ኑግ ፍሬ ዘይት ዘይት ይላል፣
አንዱ በር ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲያየው ጊዜ ቡናማ ይሆናል።
የአንገት ክብ፣ የብብት ቁራጭ፣ የእጅጌ ጫፍ ብጣሽ፣
ከጠረጴዛው ሥር የወደቀው ሁሉ የእኔ ነው ድርሻ፤
እስከ አምና ድረስ ስሙ፣ በመጥረጊያ ቋንቋ፣ ነበረ ቆሻሻ።

ባለሱቋ ኡሙ ሐማድ፣ ከረጢቴን አይታ፣
«ምን ሊያደርግልሽ ነው?» አለች፣ መነጽሯን አውጥታ።
ቃሉን በዓረብኛ ፈልጌ አጣሁት፣
በአማርኛ መጣ፤ አፈርኩና ዋጥኩት።
ድሪቶ።
የለማኝ ኮት፣ የእብድ ካባ፣ የስድብ ማሳረጊያ፤
እናቴ ከጎረቤት ገመድ ላይ ተሰጥቶ ካየች
ዓይኗን የምትሰብርለት።

እሑድና ሰኞ የሉም። ተበሉ።
ረመዳን ሳይገባ የሚደርስ ሃምሳ ሁለት አባያ፣ መቶ አራት እጅጌ።
ራስ አል ኸይማን በመስኮት እንኳ አላየኋትም፤
ባሕሩ በዚያ ነው ይላሉ፤
ሽታው ብቻ በማታ ይመጣል፣ እንደ እርጥብ ሳንቲም።
ማክሰኞ መርፌ ወጋኝ። ሌላ ወሬ የለም።

ግን ሌሊት፣ ስድስት ሆነን ከምንተኛባት ክፍል፣ ከታችኛው አልጋ፣
በስልኬ መብራት እራፊ ከእራፊ ስገጥም፣ ጫፍ ከጫፍ ሳስጠጋ፣
ትብለጽ ከላይ አንገቷን አስግጋ፣
«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም ግጥም ጀመርሽ?» ትላለች፣
ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ።
እቆጥር ነበር እንጂ።

ረቡዕ። ፎዚያ ደሴ ስትገባ ትታልኝ የሄደችው መጽሐፍ፣
ሽፋን የለው፣ ስም የለው፤ ከገጽ ሃያ አንድ ይጀምራል፣ ከተበላ ምዕራፍ።
«...ብላ በሩን ዘጋችው» ይላል የመጀመሪያው መስመር።
ምን ብላ?
ሦስት ጊዜ ጨረስኩት፤ ሦስቴም እዚያው በር ላይ ቆሜ ነው የማድር።
ትብለጽ «ረግማ ነው» ትላለች፤ ረቡዕ ስለምትጾም ይሆናል።
እኔ አንዳንዴ «መርቃ» እለዋለሁ፣
አንዳንዴ «ዳቦው እንዳይነካ»፤
ሁሉም በልኩ ይገባል።

ሐሙስ ደመወዝ ነበር። አልሆነም።

ዓርብ፣
ከሦስት ሳምንት በፊት የዘነበው ዝናብ መልሱን ላከ።
አውቶቡሱ ከተራራው ግርጌ ጣለን፤
በዋዲው ደረቅ ሆድ፣ ትብለጽ በሸበጥ፣ እኔ በሰው ጫማ፣
ገባን።
ድንጋይ ከድንጋይ በሚጋጠምበት፣ ስፌቱ በተተረተረበት ሁሉ
ቢጫ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ ከጥፍር የሚያንስ።
አንዷ ነጭ ናት። ጎንበስ አልኩ። ስድስት የአበባ ቅጠል፤
በእያንዳንዱ መሐል ለመሐል አንዲት ቡናማ ክር
ቋጠሮዋን ደብቃ፣ አንድም ሳትስት፣ ተጠቅማለች።
ይህን እጅ ሙኒር ቢያየው መቀሱን ያስቀምጥ ነበር።
ለፍየሎቹ ውሃ ያመጣ ሽማግሌ ከፒካፑ ወርዶ
«በርወቅ» አለን ስሟን፤
«ፍየሎቼ አይፈልጓት፣ ሰው አይሸጣት፤ ዝም ብላ ናት።»
ዝም ብላ!
መንገዱን ሙሉ ይህን ይዤ ሳቅኩ፤
ትብለጽ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውሃዋን ሰጠችኝ።

አንዷን ቀጥፌ ነበር። አውቶቡስ ሳይመጣ ጠወለገች።
ማታ ከገጽ ሃያ አንድ ፊት አስተኛኋት፤
ሃያ ገጽ ሙሉ አትሞላም፤
ቢሆንም በሩ ትንሽ ገርበብ አለ።

ከዚያ ድሪቶዬን፣ አዎ፣ ድሪቶዬን፣
ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣
ዘይት የሚለውን ከሰማያዊው፣ ቡናማውን ከሁለቱም፣
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጠቀምኩት።
ጠቀመኝ።

ሲነጋ ቅዳሜ ነው። ከረጢቴ ባዶ ነው።
ሙኒር መቀስ ይስላል።