አሥረኛው ፈረስ

"አሥር ፈረስ ካልቆመ አልከፍተውም" ብላ፣
የበረዶ ሣጥኗን አስራ ከሞተሯ ኋላ፣
ዘነበች፣ የከብት ሐኪሟ፣ ከወንዙ ዳር ቆማለች።
ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ እስኪመሽ አይቆይም አለች።
እስካሁን ዘጠኝ ቆጥራለች።

ቦራ አጠገቤ ነው፣ ገለባ ያደቃል፤
ክርክሩ በሱ ነው፣ እሱ ምኑን ያውቃል።

"አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ጋሪ ሳይጎትት?
በሰኔ? ማዳበሪያ ሲጫን? በዚህ ሰዓት?"
ይላል ደርበው፣ አለንጋውን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ።
የቀኑን ገቢ እኩል ነው የምንካፈል፣
ቢራብም እኩል ነው፤ አልፈርድበትም።

ማታ በከሰል ግድግዳው ላይ ሰመር ሰመር አደረግሁ፤
አሥራ አምስት መስመር ሆነ። ከዳር ጀምሬ ደመርሁ፤
የእቁቡ ሐሙስ ሁለት፣ የጎማው ዕዳ አንድ፣
የቦራ ገብስ ደግሞ፤
ሥራ ፈታሁ ብሎ የሚፆም የለም ሆድ።

አምና በጳጉሜ ግን የበላይነሽ ጉራቻ
ማታ ድርቆሹን በልቶ፣ ጠዋት ለብቻ
ከግንዱ ተደግፎ ቆሞ ተገኘ።
ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ አብጦ ሞልቶ፣
ከአፍንጫው አረፋ፣ እንደ አዲስ ጠላ ገንፍሎ ወጥቶ፣
ቀትር ሳይሆን ወደቀ።
ወደ ገደሉ ማን ጎተተው? የኔው ቦራ።
በዚያው በጋሪው ጠፍር፣ በዚያው ለእንጀራ በምንለው አንገት።
ጆሮውን ወደ ኋላ እንዳስተኛ ሄደ፣ እንዳስተኛ መጣ፤
ሁለት ቀን ውሃውን አሸተተው እንጂ አልጠጣ።

በሌላው ጆሮዬ ደግሞ አቶ እርገጤ አሉ፤
ከጫጫ እስከ ሸኖ ያልነገሩት የለም፦
"በቅሎዬን መርፌው ነው የጨረሳት፤
በሣልስቱ ነው የቀበርኳት።"
ወሬ ሳይዘሩት ይበቅላል፣ ያውም ያለ ዝናብ።

ባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ልጠይቀው እል ነበር።
እሱ ግን ለራሱም ጤና ጣቢያ ደጃፍ አልወደደ፤
"ትንሽ ብርድ ነው" እንዳለ፣ በዚያው ብርድ ሄደ።

ልጓሙን አነሳሁ።
"ለማየት ነው" አልኩት ደርበውን። "ለማየት ብቻ።"

ሣሩ ረጥቧል። ትንኞቹ ገና አልተነሱም፤
ክረምቱ ሲያባራ፣ ማታ ማታ ነው የሚመጡት፣
የማንን በረት ከማን በረት ሳይለዩ።
ዳማ ቆሟል፣ አምባላይ ቆሟል፣ አንድ የሚያነክስ ቡላ፣
የበላይነሽ አዲስ ውርንጭላ፣
ገመዱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች።
ከሁሉም ዳር፣ ባርኔጣቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው፣
አቶ እርገጤ፤ ሌላ በቅሎ ይዘው።

"እርስዎም?" አልኳቸው።
ዓይናቸውን ወደ ወንዙ ላኩት።
"ያቺ... የተወጋች ዕለት ጆሮዋ እንደ ምጣድ ነበር።
ሐኪሟ ስትጠይቀኝ፣ ደህና ናት አልኩ።
ተራዬ እንዳያልፈኝ።"
ዓመት ሙሉ ያወሩት ሌላ፤
ይህችን ግን ለኔ፣ ያውም በሹክሹክታ።

ማንም ነይ አላለኝም። ዘነበችም አልጠራችኝ፤
ሰዓቷን አየች፣ ሣጥኗን አየች።
ዘጠኝ ሰው ግን ቦራን ያያል፣
የጠፋ ከብት እንደተገኘለት ሰው።

ጆሮውን ጨበጥሁት። ቀዝቃዛ ነው፣
እንደ ጫጫ ጠዋት።
"ትኩሳት የለውም" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣
አቶ እርገጤም እንዲሰሙ።

የብልቃጧ ቆብ ጠቅ ስትል፣
ከኋላዬ የደርበው ትንፋሽ መጣ፤ ተከትሎኝ ኖሯል።
"እንግዲህ አሥራ አምስት ቀን" አለ፣
"እኔና አንቺ ነን ጋሪው ሥር የምንገባው።"
አልሳቀም።
የቦራን ጋማ ግን ገለጥ አድርጎ
ለመርፌዋ ቦታ ያዘላት።