ሦስት መቶ ስድሳ

ያኔ «መኪና» ስንል የሽመናው ነበረ፣
አራቱም እግሩ ከሲሚንቶ የታሰረ፤
ቀኑን ሙሉ ሮጦ፣ ሮጦ፣ ሮጦ፣ ሮጦ
ካለበት የሚያድር፣ እዚያው ተቀምጦ።
ከቴንሪዩ ወንዝ ማዶ፣ ነፋስ በሚያፏጭበት፣
ሠላሳ ሴት ነበርን ባንድ ቆርቆሮ ቤት።
እኔ ሺጌኖ ነኝ፣ የሰባተኛው መስመር፣
በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ብጥስ ድር የምቋጥር።

ባለቤቱ ኢሳቡሮ፣ ሁለት ጣቱ የጎደለ፣
«ብረት ተበደረኝ፤ ይመልሳል» እያለ፣
ጦርነቱ ሲያበቃ ጥጥ ከአገር ቢጠፋ፣
የኛ ድር ተቋርጦ የሸረሪት ሰፋ።
ያን ጊዜ ነው እሱ፣ ከሩዝ ማሳ ዳር
ውሃ መሳቢያ ሞተር ገዝቶ በብድር፣
በሦስት ጎማ ጋሪ ላይ በገመድ ያሰረው፣
የሐይቁን እባብ ዓሣ ገበያ ያደረሰው።
ሞተሩ ያስነጥሳል፣ ዓሣው ይንፈራገጣል፤
የሠፈር ውሻ ሁሉ ከኋላው ይሮጣል።
ሳቅን።
ማን ያልሳቀ አለ?
ሚስቱ ሂሳኖ ብቻ፣ የነዳጁን ሒሳብ
ጽፋ፣ ደምራ፣ ሰርዛ፣ ደግማ ስታስብ፣
«ከበሬ ይረክሳል» አለች።
ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀ።

ቶኪዮ ሕግ አወጣች፦ ሞተሯ ካላለፈ
ሦስት መቶ ስድሳ ሲሲ፣ ግብሯ አንሶ ተጻፈ።
ሦስት መቶ ስድሳ! የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ
ከዚህ በላይ ትይዛለች፤ እናም በዚያች ልኳ
አራት ሰው፣ አንድ ሻንጣ፣ ከነዣንጥላ
ተጭኖ ተራራ ይውጣ፣ ወገቧ ሳይላላ።

ሽመናው ተነቅሎ፣ የብሎኑ ቀዳዳ
ወለሉ ላይ ቀርቶ፣ እንደ ፈንጣጣ የጎዳ፣
ኪዮማሩ በጠመኔ መሬት ላይ ሣለልን፤
«ቁጭ በሉ» ብሎ በሜትር ጉልበታችንን ለካን።
እስከ መጨረሻይቱ፣ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ፣
ርቀቱ የኔ ጭን ነው። አያውቅም ማንም ሌላ።

ሃኮኔ አቀበት ላይ ጭጋጉ ሲወርድ
ከፊት ሁለት ወንዶች፣ ከኋላ እኔና አንድ
ጆንያ ሩዝ፣ ለክብደት፣ እንደ ሰው ተደግፎ።
ሞተሯ ቀጥ አለ፣ ጭሱ ዙሪያዋን አቅፎ።
ውሃ አይጠጣም ሞተሩ፤ ነፋስ ነው ማብረጃው፤
ነፋሱ ደግሞ ያን ለት ቀርቷል ከማደሪያው።
ኢሳቡሮ ወረደ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ያራግባል፣ ያራግባል፣ ጭቃው ላይ ወድቆ፣
«አይዞሽ የኔ ልጅ» እያለ፣ ትኩሳት እንዳለባት።
አውቶቡስ አለፈን፤ ተሳፋሪው በመስኮት ሳቀባት።
ኪዮማሩ በሥዕሉ፣ እኔ በምሳ ዕቃ ክዳን፣
ለአንዲት ትንሽ ሞተር ሦስት አስታማሚ ሆንን።
ከሩብ ሰዓት በኋላ
አስነጠሰች።
ተነሣች።
«ሂባሪ» ያልናት ያኔ ነው፣ በዚያች ወፍ ስም፣ በዚያች
ከእርሻ ሽቅብ በምትወጣው፣ ትንሽ፣ እየዘመረች።

ከዚያማ ገዛት ፖስተኛው፣ ገዛቻት አዋላጇ፤
በጠባብ ዳገት መንደር ሰው ሁሉ ሆነ ወዳጇ።
ሙሽራ ከነኪሞኖዋ ታጥፋ ገባችባት፤
አንድ ጎረምሳ ለውርርድ ስድስት ጓደኛ ሞላባት።

ከዚያ ሰማዩ ታመመ፤ ጭስ የሚለካ ሕግ መጣ፤
የኛ ሰማያዊ ጭስ ከተፈቀደው ወጣ።
አገር ጠገበ፤ የልጆች ጉልበት ከኛ ጉልበት ረዘመ፤
ትልቁ ኩባንያ ገዛን፤ በራችን ላይ ሌላ ስም ቆመ።

አንዷን ዛሬም አውቃታለሁ፤ ጎማ የላት፣ ሞተር የላት፣
ከሽንኩርት ማሳ ዳር ቆማ፣ ዶሮ እያደረባት።
ከኋላ ወንበር ላይ፣ በኔ ጭን በተለካው ቦታ፣
እንቁላል አየሁ፣ ትኩስ፣ ባለፈው ማክሰኞ ማታ።

ሂሳኖ ስትሞት መዝገቧ እጄ ገባ በኑዛዜ፤
የጥጥ፣ የብሎን፣ የቤንዚን፣ የስንት ዘመን ትካዜ።
ዕዳው ሁሉ ተከፍሏል፣ ተሰርዟል በቀይ መስመር፤
ከግርጌው ግን፣ በሷው ጽሕፈት፣ ያልተሰረዘ አንድ ነገር፦
«ከብረት የሚመለስ፣
ሁለት ጣት።
እስካሁን አልደረሰም።»