አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ

ከሻርጃ ውሃ ማጣሪያ እስከ ዳይድ መታጠፊያ
አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፣ ቦቴዬ ሙሉ ስትሆን።
መንገድ የምለካው በእነሱ ዘፈን ነው፣
በኪሎ ሜትር አይደለም።

ካሴቱን የሰጠኝ ቢጁ ነው፣ የኬረላው መካኒክ፣
አገሩ ሊገባ ሻንጣውን ሲያስር፦
«ይኼ ሙዚቃ ትዕግሥት ይፈልጋል» አለኝ።
ትዕግሥት! ለቦቴ ሾፌር!

መጀመሪያ ተጣላን።
ከበሮው ሰባት ይመታና ስምንተኛውን ይነሳኛል፤
እግሬ ወለሉን ሊመታ ወርዶ
አየር ላይ ይቀራል፣
በጨለማ፣ ደረጃ ያለ መስሎት እንደሚረግጥ ሰው።
ሦስት ወር ይሁን አራት እንጃ፣
ጉድለቱን ለመድኩት፤
ኋላም ወደድኩት።

ከዚያ ኦርጋኑ እየወጣ፣ እየወጣ፣
ዘፋኙ «አሁን—» ሲል
ቀጭ።
ካሴቱ አለቀ።
አሥራ ስምንት ዓመት «አሁን» እንዳለ ቀረ።
ምን ሊል ነበር? ስንቱን ሞላሁበት፦
አሁን ዝናብ።
አሁን የሦስት ወር ደመወዝ ባንዴ።
አሁን ስንዱ ስልኩን ታነሳለች።

ባለፈው ኅዳር ዱባይ መጡ።
ሸምግለዋል። ከበሮ መቺው ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ጠፍሮ፣
ዘፋኙ ከፍ ያለውን ድምፅ ለሕዝቡ ትቶ።
«አሁን—» አለ።
እኔ ለማጨብጨብ ተነሣሁ።
እነሱ ቀጠሉ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ፣
ሰው ሁሉ በቃሉ እያዜመ፤
በገዛ ቤቴ የማላውቀው ክፍል ተከፍቶ
እንግዶች ተቀምጠው ያገኘሁ መሰለኝ።

ያምራል። አልዋሽም፣ ያምራል።

ሲነጋ ቦቴዬን ሞላሁ፣
ካሴቱን ከተትኩ።
መታጠፊያው ጋ «አሁን—» አለ፣
ቀጭ።
ፍሬቻ አበራሁ።