ታኮ

ሐረጎ መታጠፊያው ላይ፣ ሌሊቱ ገና ሳይለቅ፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን ሲደብቅ፣
አቆምሁት መኪናዬን።
ጎማ አልፈነዳብኝ፣ ነዳጅ አላለቀ፤
ደረቴ ነው እንጂ ከውስጥ የታነቀ።

አሥራ ሁለት ሰው ከኋላዬ፤
አንዷ ዶሮ አቅፋ፣ አንዱ አፉን ከፍቶ አንቀላፍቶ፣
አንዱ ስለ ብረት ዋጋ በስልክ ሲጮህ ተቆጥቶ።
"ሹፌር! ፈረቃ አለፈን!" ይላል የፋብሪካ ሠራተኛ፤
እጄ ከመሪው አይላቀቅ፣ ልቤ በጉሮሮዬ መንገደኛ።

ረዳቴ ሙጂብ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ያልሞላው፣
ምን ሆንህ አላለኝም። በሩን ከፍቶ ወረደ፤
ከጉሙ ውስጥ ዳብሶ፣ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ወሰደ፤
ከፊት ጎማ ሥር ሸጎጣት።
ተመልሶ ከጎኔ ተቀመጠ።
"ታኮ አድርጌያለሁ ጋሼ። ልቀቀው። የትም አይሄድም።"
ለቀቅሁት።
መኪናው አልሄደም።
አለቀስሁ፤ ዶሮዋ እንኳ ዝም አለች።

ከዚያ በፊት ስንቱ "አብሽር" ብሎኛል!
ሙጋድ ላይ ጓደኛ፣ ሸዋ በር ጎረቤት፣
ትከሻዬን መትቶ፣ ፈጥኖ ወደ ቤት።
አብሽር መልካም ቃል ናት፤ እኔም ሰው ሳጽናና እላታለሁ፤
ሰው ተናግሯት ሲሄድ ግን፣ ብቻዋን ስትቀር አይቻለሁ።

ራህመት ዱዓ አስደረገችልኝ፤ ቀለለኝ፤ አልዋሽም።
"ሆስፒታልም እንሂድ" አለች፤ "አንዱ አንዱን አያስኮርፍም።"
ሲስተር የውብዳር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
"ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬን ረግጠህ ነው?" አለችኝ፣ ቀና ብላ።
"ኧረ ሲስተር! ይግላል፤ ይሸታል፤ ኋላም ይከዳል፤
ሐረጎ እኮ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ተብሎ ይወረዳል።"
"እንግዲያ ሐሳብህንም አትርገጠው። ማርሽ ቀንስ።
በአራት ሳብ፤ በስድስት ልቀቅ።"
ይኸው ነው? ብዬ ተናደድሁ።
ለዚህ ነው ከንጋት ጀምሮ ወረፋ የጠበቅሁት?
ማታ ሞከርሁት።

ሌላም አለ፣ ጥቃቅን፤ ሲነገር የሚያሳፍር።
ለንቃት የምቅመውን ጫት፣ የከሰዓቱን ተውሁ፤
ሳምንት ሙሉ ከሰው ተጣላሁ፣ ከራሴም ጋር ተኳረፍሁ።
ኋላ እንቅልፍ መጣ፣ እንደ ዓይን አፋር እንግዳ፣
ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ቁጭ አለ ከጓዳ።
ስልኬን ከመግሪብ በኋላ ቡፌው ላይ እተወዋለሁ፣
የዚያን ዓመት ወሬ ሌሊት ለሌሊት እንዳልቆፍረው።
ማለዳም ቦርከናን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ፤
ልጆች፣ "ጋሼ፣ መኪናው ተሸጠ?" ሲሉኝ እሰማለሁ።

የነዳጅ ሒሳብ በምጽፍበት ደብተር፣
ከዘይትና ከመናኸሪያ ክፍያ ግርጌ፣
አንዲት መስመር አለች፤ የኔ ናት።
"ማክሰኞ። አራት ሰዓት ያህል ተኛሁ።"
"ሐሙስ። ሙጂብ አሳቀኝ።"
"እሑድ። ምንም።"
ምንምም ይጻፋል፤ ሲስተር ብላለች።

ድኛለሁ አልልም። ጉሙ ዛሬም ይወርዳል፤
እጄም አንዳንድ ቀን መሪው ላይ ይደርቃል።
ድንጋይዋ ከወንበሬ ሥር ናት።
ተሳፋሪ ሲያያት፣ "ለጠብ ነው?" ይለኛል።
ለጠብ ነው እላለሁ፤ ከማን ጋር ግን አልነግረውም።

ትናንት ደግሞ መናኸሪያ፣ ሙጂብ ብር ሲቆጥር፣
ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፤ አራተኛውን ተወው፤
ዓይኑ ጦሳ ላይ ነበር፣ ጦሳን ግን አላየው።
ምን ሆንህ አላልሁትም።
ሞተሩን አጠፋሁ።
"አብሽር" አልሁት፤
አልሄድሁም።